ከቀብር ራስጌ የተገኘ ጽሑፍ

የዛሬው የጁሙዓ ርዕሳችን ድንጋይ ነው።

ነገሩን ያመጣው ባለፈው ረመዷን የደረሰኝ አንድ የስልክ መልእክት ነው። አንድ ወንድማችንና የሰፈሩ ልጆች ለመስጂዳቸው አዲስ የውዱእ ቦታ ለመሥራት ከድሮው መቃብር አጠገብ አፈር ሲዝቁ፣ ዐረብኛ የተቀረጸበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ። አባቶች «አትንኩት» አሉ። ከወጣቶቹ ገሚሱ ግን «ቀብር ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ እንስበረውና ለመሠረት እንጣለው» አሉ። «ኡስታዝ፣ ምን ይሉናል? ግንበኛው ሰኞ ይገባል» ይላል መልእክቱ። ፎቶም አያይዟል፤ ግን በቀትር ፀሐይ የተነሳ ስለሆነ ፊደሉ አይለይም።

መልሱን ከመንገሬ በፊት የራሴን ጥፋት ላጫውታችሁ። ደረሳ ሳለሁ በምንቀራበት መድረሳ ግቢ፣ ከቧንቧው ሥር፣ እግራችንን ስንታጠብ የምንቆምበት አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ጠርዙ ላይ ጭረት የሚመስል ነገር አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ቆሜበታለሁ። ነሕው እየቀራሁ፣ የዐረብኛ ቃላት እየሸመደድኩ፣ እግሬ ሥር ያለውን ዐረብኛ አላየሁትም! በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ድሮ ኸጥ የሚያስተምር መጽሐፍ እጄ ሲገባ፣ እዚያ ያየሁት የፊደል ቅርጽ ከዚያ «ጭረት» ጋር አንድ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዕረፍት እንደወጣን ወደ መድረሳው ሄድኩ። ግቢው ታድሷል፤ የቧንቧው ቦታ በሲሚንቶና በሴራሚክ ተሸፍኗል። ድንጋዩን የት እንዳደረሱት የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። የማን ቀብር እንደነበር፣ በየትኛው ዘመን እንደኖረ፣ ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለወንድማችን ቸኩዬ የመለስኩለት ለዚህ ነው፦ «ለግንበኛው ደውልና እንዲቆይ ንገረው።»

አሁን ወደ ሑክሙ እንምጣ፤ ምክንያቱም «ክልክል ነው» ያሉት ወጣቶች ከባዶ አልተነሱም። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቀብርን በኖራ መለሰንን፣ በላዩ መቀመጥንና በላዩ መገንባትን የሚከለክለው ሐዲስ ሰሒሕ ሙስሊም ውስጥ አለ። በቲርሚዚ ዘገባ ላይ ደግሞ መጻፍም አብሮ ተጠቅሷል። በሌላ በኩል ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ.) ሲቀበሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገዛ እጃቸው ድንጋይ ተሸክመው ራስጌያቸው ላይ እንዳስቀመጡ፣ ምክንያቱም የወንድማቸውን ቀብር ለይተው ለማወቅ እንደነበር አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ስለዚህ ቀብርን በምልክት መለየት መሠረት ያለው ነገር ነው። ጽሑፉ ላይ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል። አብዛኞቹ መክሩህ ብለውታል። ከሐነፊዮች መካከል ቀብሩ እንዳይጠፋና እንዳይረገጥ ሲያስፈልግ የፈቀዱ አሉ።

በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ በጣም የምወደው አንድ ክርክር አለ። በ405 ሒጅሪያ ያረፉት አል-ሓኪም አን-ነይሳቡሪ፣ «አል-ሙስተድረክ» በተባለው ኪታባቸው ክልከላውን ከዘገቡ በኋላ፣ ሰነዱ ሰሒሕ ቢሆንም በተግባር አልተሠራበትም ይላሉ። ማስረጃቸው ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሙስሊም ኢማሞች ቀብሮች የተጻፈባቸው መሆናቸው ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይተው የመጡት አዝ-ዘሀቢ (በ748 ሒጅሪያ ያረፉት) ይህን አልተቀበሉም። ክልከላው ያልደረሳቸው ሰዎች የጀመሩት ነገር ነው ብለው መለሱ። እንግዲህ ዘሀቢ ማን ናቸው? ዕድሜያቸውን የሰዎችን ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገርና የሞት ዓመት በመመዝገብ የፈጁ ታላቅ የታሪክና የሐዲስ ሰው ናቸው። አንድ የቀብር ድንጋይ የሚይዘውም ይህንኑ ነው። ዘሀቢ ቀብር ላይ መጻፍን ተቃወሙ፤ የሞቱ ሰዎችን ስም መርሳትን ግን ከቶ አልወደዱም።

የእኔ ልብ ወደ ዘሀቢ ያደላል። ለራሴ ቀብር ምልክት የሚሆን ድንጋይ ብቻ እንጂ ጽሑፍ እንዳይደረግ ባለቤቴን አደራ ብያለሁ (እሷም «መጀመሪያ አንተ የቤት ኪራዩን ክፈል» ብላኛለች)። ነገር ግን አዲስ አለመጻፍ ሌላ፣ ከመቶ ዓመታት በፊት የተጻፈን መስበር ሌላ ነው። ድንጋዩ ላይ የአላህ ስም አለ፤ ምናልባትም የቁርአን አንቀጽ አለ። ያንን ሰብሮ ለመሠረት መጣል በየትኛው መዝሀብ ነው የሚያስመሰግነው? ከሥሩ ያረፈው ሙስሊምም ክብር አለው። የሞተን ሰው አጥንት መስበር በሕይወት ያለን እንደመስበር መሆኑን የሚናገረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ከፍ ያለን ቀብር ስለማስተካከል የመጣውን የዐሊይ (ረ.ዐ.) ሐዲስ የምታነሱም ትኖራላችሁ። ወንድሞቼ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ በአካፋ የተገኘ ድንጋይ ከፍ ያለ ቀብር አይደለም!

በሌላው ጫፍ ደግሞ ድንጋዩን ቅቤ የሚቀባ፣ ጨርቅ የሚያስርበት፣ ከሱ ፈውስ የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ይህም ስሕተት ነው፤ የሚስተካከለውም በትምህርት ነው። ድንጋዩ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። ድንጋዩ ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ አንለምነውም፣ አንገድለውምም፤ ቃሉን እንሰማለን።

ቃሉ ምን ይላል? ከሩቅ እንጀምር። ካይሮ በሚገኘው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ውስጥ በ31 ሒጅሪያ፣ በጁማደል ኣኺር ወር የተጻፈ የቀብር ድንጋይ አለ። ቀን ከተጻፈባቸው የሙስሊም የቀብር ድንጋዮች መካከል እስካሁን ከሚታወቁት ቀዳሚው ነው። ዘመኑን አስቡት፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካረፉ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.)፣ ብዙ ሰሓባዎች በሕይወት አሉ። ሟቹ ዐብዱረሕማን የሚባል ሰው ነው። ታዋቂ አይደለም፤ በታሪክ መጻሕፍት የተነገረለት ጀብዱ የለም። ድንጋዩ ስሙን ይነግረንና አላህ እንዲምረው ይለምንለታል። ቀጥሎ አንባቢውን ይጠይቃል፦ ይህን ጽሑፍ ስታነብ ምሕረት ለምንለት፣ አሚንም በል ይላል። ከ1,370 ዓመት በላይ አልፎ ጥያቄው ዛሬም ላነበበው ሁሉ ይደርሳል። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት በኩል የሚያዩት ቱሪስቶች ይህን አያውቁም፤ እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንቅረብ። ከምጽዋ ወደብ ባሻገር፣ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ስማቸውን ሰምታችኋል። የበኒ ኡመያ ገዢዎች ያስቀየማቸውን ሰው የሚያግዙበት ቦታ ነበር፤ ገጣሚው አል-አሕወስ ከመዲና ተግዞ የተላከው ወደዚያ ነው። ሙቀቱንና የውኃ ጥማቱን ስታስቡ ቅጣቱ ይገባችኋል። ቆይቶ ግን ዳህላክ የራሷ ሱልጣኖችና የሞቀ ንግድ ያላት አገር ሆነች። በትልቋ ደሴት፣ በዳህላክ ከቢር፣ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የተጻፉ ከሁለት መቶ በላይ የቀብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ሱልጣን አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ብዙ ሴቶችም አሉ፤ ስማቸውና የአባታቸው ስም በጥንቃቄ ተቀርጾ። የሴትን ስም በአደባባይ መጥራት ነውር ነው የሚሉ ወንድሞች እዚህ ላይ ትንሽ ቢያስቡ ደስ ይለኛል።

ታዲያ እነዚያ ድንጋዮች ዛሬ የት ናቸው? ሁሉም እዚያ የሉም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መርከበኛና ሹም ያገኘውን እያነሳ ወሰደ። ጣሊያን አገር ሞዴና እና ትሬቪዞ፣ ፈረንሳይ ባር-ለ-ዱክ፣ ካይሮ፣ አስመራም አሉ። አንድ ላይ የተቀበሩ ቤተሰቦች ድንጋዮቻቸው በተለያየ አህጉር ተበተኑ። በዚህ ረገድ የግብፅ አስዋን ታሪክ የባሰ ያሳዝናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመቃብሩ ጽሑፎች ተነቅለው ወደ ካይሮ ሲወሰዱ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ቀብር እንደተነሳ የመዘገበ አልነበረም። ጽሑፎቹ ተረፉ፤ ቀብሮቹም እዚያው አሉ። ይህኛው የዚያኛው ነው ብሎ የሚያገናኛቸው መረጃ ግን ጠፋ። «ለጥበቃ» ተብሎ እንኳ ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ ግማሽ ምስክርነቱን እንደሚያጣ ከዚህ ተማሩ።

ወደ ደጋው ስንወጣ ደግሞ ኲሓን እናገኛለን። ወደ መቀሌ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ማረፊያው እዚያው አጠገብ ነው። በዚህች ቦታ በአብዛኛው ከ11ኛውና ከ12ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የሆኑ፣ ዐረብኛ የተጻፈባቸው የሙስሊም የቀብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ሽናይደር በ1967 እ.ኤ.አ. አንብባ አሳተመቻቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊትም የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እዚያው ቢለት በሚባለው ስፍራ ተጨማሪ ድንጋዮችንና የሙስሊም መቃብር አጥንተዋል። ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት፣ ከአፋር የጨው ሜዳ ወደ ደጋ በሚወጣው መንገድ አካባቢ፣ በክርስቲያን አገር መሐል፣ ጀናዛውን በሥርዓት የሚቀብር፣ ቁርአን የሚጽፍ፣ ጠራቢ ያለው የሙስሊም ማኅበረሰብ ይኖር ነበር።

ከኲሓ ድንጋዮች እኔን ይበልጥ የያዘኝ አንድ ኒስባ ነው፦ «አል-የማሚ»። የየማማ ሰው ማለት ነው። የማማ በዐረቢያ መሐል ያለች ምድር ናት፤ እናንተ የምታውቋት ግን በሌላ ነገር ነው። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመን ከሙሰይሊማ ጋር በተደረገው የየማማ ውጊያ ብዙ የቁርአን ሐፊዞች ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ.) ደነገጡ፤ ቁርአኑን በልባቸው የያዙት ሰዎች እንዲህ ካለቁ ምን ይተርፈናል ብለው አቡበክርን ወተወቱ። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) ቁርአኑን በአንድ ላይ እንዲያሰባስቡ የታዘዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ ጻፉ። ከዚያ ውጊያ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዘሩን ከዚያች ምድር የሚቆጥር ሰው ትግራይ ደጋ ላይ ሞቶ ተቀበረ፤ ወዳጆቹም ስሙን ጻፉለት። እነሱ ስለጻፉ እኛ ዛሬ እናውቀዋለን።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ሙስሊሙ እዚህ አገር መቼ መጣ?» የሚል ክርክር ሲነሳ ብዙዎቻችሁ እንዴት እንደምትመልሱ አያለሁ። ወዲያው ወደ 615 እ.ኤ.አ. ትሮጣላችሁ፤ ሰሓባዎች፣ ነጃሺ፣ ጀዕፈር (ረ.ዐ.)። ከዚያ በአንድ ዝላይ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ኢማም አሕመድ ዘመቻ ትገባላችሁ። ተከራካሪያችሁም እዚያው ይጠብቃችኋል፤ ሰይፍ ለሰይፍ። በሁለቱ መካከል ግን ዘጠኝ መቶ ዓመት አለ! ያን ሁሉ ጊዜ ማን ኖረበት? የዳህላክ ሴቶች፣ የኲሓው የማሚ፣ በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የነበሩ ሰዎች፣ በይፋት የተቀበሩት የወላስማ ቤተሰቦች። እነዚህ ድንጋዮች ስለ ጦርነት አይደለም የሚያወሩት። አባት ልጁን ቀበረ፣ ሚስት ባሏን ቀበረች፣ ቀኑ ይህ ነበር ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ያም ሆኖ መቃብራቸው ተከብሮ ጽሑፉ እስከ እኛ ደርሷል። በቅርቡ በነበረው ጦርነት የነጃሺ መስጂድ ምን እንደደረሰበት ፎቶውን አይታችኋል። ስምንትና ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ከሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልጨምር። የዳህላክን ድንጋዮች ካነበቡት ሊቃውንት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ኦማንና ያቺው ማድሌን ሽናይደር ይጠቀሳሉ። አላህ ድካማቸውን ለእኛ ጥቅም አደረገው፤ እናመሰግናለን። ግን እኛስ? በየመድረሳው ነሕውና ሰርፍ ዐሥር ዓመት የሚቀራ ደረሳ ሞልቶ፣ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ለማንበብ ከፓሪስ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አለበት?

ማንበቡ ቀላል ነው አልልም። የጥንቶቹ ድንጋዮች ብዙ ጊዜ የተጻፉት በኩፊ ኸጥ ነው፤ ማዕዘን ያለው፣ በአብዛኛውም ነጥብ የሌለው። ነጥቡ ሲቀር ባ፣ ታ፣ ሣ፣ ኑን እና ያ በቃል መሐል አንድ ጥርስ ብቻ ናቸው። «ቢንት» (ሴት ልጅ) እና «በይት» (ቤት) ያለ ነጥብ ልዩነት የላቸውም። ይባስ ብሎ «ሰብዕ» (ሰባት) እና «ቲስዕ» (ዘጠኝ) አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አራት ጥርስና ዐይን። ዓመቱ በአኃዝ ሳይሆን በቃል ስለሚጻፍ አንባቢው ሃያ ዓመት ሊሳሳት ይችላል፤ ሰባና ዘጠና ይምታቱበታላ! መፍትሔው ድንጋዩ ላይ የሳምንቱ ቀን ከተጻፈ ይገኛል። «ሰኞ፣ የረጀብ ወር ይህን ያህል ሌሊት ሲቀረው» ካለ፣ በየትኛው ዓመት ያ ቀን ሰኞ ላይ እንደዋለ ይሰላል። በጨረቃ መታየት ምክንያት የአንድ ቀን ልዩነት ይኖራል እንጂ ስሌቱ ይረዳል።

ቅደም ተከተሉ ግን ያግዛችኋል፤ ከድንጋይ ድንጋይ ብዙ አይለያይም። መጀመሪያ ቢስሚላህ። ቀጥሎ የቁርአን አንቀጽ፤ ሱረቱል ኢኽላስ ወይም አየተል ኩርሲይ፣ ወይም ከአሊ ዒምራን ሞት ለማንም እንደማይቀር የምትናገረዋ አንቀጽ በብዛት ይገኛሉ። እነዚህን በልባችሁ ስለምታውቋቸው የጠራቢውን እጅ የምትለማመዱባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ ዐይን ወይም ሃ እንዴት እንደተቀረጸ ካያችሁ ስሙ ላይ ስትደርሱ ትለዩታላችሁ። ከዚያ «ሃዛ ቀብር» ይልና ስም፣ የአባት ስም፣ አንዳንዴም ኒስባ ይመጣል። ዱዓ ይከተላል። በመጨረሻ ያረፈበት ቀን፣ ወርና ዓመት።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ካጋጠማችሁ ከቦታው አታንሱት። ፊደሉ እንዲታይ ብላችሁ ጠመኔ፣ ቀለም ወይም ዘይት አትቀቡት፤ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ሥሩ ወርቅ አለ ለሚላችሁ ሰውም ጆሮ አትስጡ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ከፊት ለፊት ፎቶ አንሱ፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ ወይም ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ። የቆመበትን አቅጣጫና ቦታ ጻፉ፤ ቦታውን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ሌባም ያነባል። ከዚያ ለመስጂዱ ኮሚቴና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በአገራችን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዳለ ጠብቆ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ጉዳዩ የፍላጎት ብቻ አይደለም።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። ግንበኛው ሰኞ አልገባም። የውዱእ ቦታው መሠረት ሁለት ሜትር ፈቀቅ እንዲል አባቶችና ወጣቶች ተስማሙ፤ ለመስማማት ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ወንድማችን በማግሥቱ ከዐስር በኋላ እንደገና ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። በጎን ብርሃን ጽሑፉ ወጣ። ቢስሚላሁ ሙሉ ነው፤ ኢኽላስም ከሞላ ጎደል አለ። የስሙ መስመር ላይ ግን ድንጋዩ ተላጧል። ከተላጠው ቀጥሎ ነጥብ የሌላቸው ሁለት ጥርሶችና አንድ ታ ይታያሉ፤ «ቢንት»። የአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል ዐይን ነው፤ ቀሪው የለም። ወሩ ሸዕባን፣ ዓመቱ ተሰብሯል።

ለልጁ ያነበብኩትን ጻፍኩለት። በዚያው ሳምንት ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ኢማማቸው ስለ ድንጋዩ ተናግረው ዱዓ እንዳደረጉላት ነገረኝ። ስሟን ስለማያውቁት «ያ አላህ፣ አንተ የምታውቃትን ይህችን እህታችንን ማራት» ነው ያሉት። እንስበረው ያሉት ልጆችም አሚን ብለዋል።